የሠላሳ ስድስት አሥረኛው አካፋይ

ድራመን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ግዛቸው፣

የጌታ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይብዛ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገና በር ላይ ነው፣ አልገባም።

ስልክ ደውዬ «ሃሎ! ማነሽ? ታቢታ ነሽ?» እያሉ ሠፈሩን በሙሉ ከሚያስደነግጡ፣ እንደተስማማነው ወረቀት ላይ እየጻፍን ፎቶውን በቴሌግራም መላላኩ ይሻላል። ብቻ የባለፈውን ሲያነሱ አውራ ጣትዎ ሦስት መስመር ሸፍኗል። ስለ እማዬ መቃብር አጥር የጻፉት ይመስለኛል። ጣትዎ ግን ጤነኛ ነው፣ ተመስገን።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለጉዳይ ነው። እዚህ በአዛውንቶች መጦሪያ ቤት በጽዳት እንደምሠራ ያውቃሉ። ስድስት ዓመት ወለል ወለወልኩ። አሁን ረዳት ነርስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የጎልማሶችን ትምህርት ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ቋንቋውን አለፍኩ፣ ሳይንሱንም አለፍኩ። ሒሳብ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ሦስተኛው በግንቦት ነው። እሱንም ከወደቅኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጥና ከወረፋው ጭራ እጀምራለሁ። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ሞላኝ።

የሚጥለኝ አንድ ነገር ነው። አካፋይ፣ ብዜት፣ ብቸኛ ቁጥር የሚሉት። ክፍልፋይ ልደምር ስል የጋራ ብዜት ይጠይቀኛል፣ ላቃልል ስል የጋራ አካፋይ ይጠይቀኛል፤ እዚያ ስደርስ እጄ ይቀዘቅዛል። አስተማሪያችን መልካም ሴት ናት፤ በእሷ ቋንቋ ስሰማው ግን ከጆሮዬ አልፎ አይገባም። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በአማርኛ፣ ከሥሩ ይጀምሩልኝ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
የእህትዎ ልጅ ታቢታ


ሐዋሳ፣ ታቦር
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለታቢታ፣

እስራኤልን የሚጠብቅ የማያንቀላፋው ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ቤቴን ታቦር ተራራ ሥር የሠራሁት ጎረምሳ ሳለሁ ነው፤ አንድ ቀን ሽማግሌ እሆናለሁ ብሎ ማን ነገረኝ? አሁን ባጃጅ እስከ በሬ ካልመጣ መሃል ከተማን አላያትም።

መልሱን አርባ ቀን አዘገየሁብሽ። መነጽሬ ጠፍቶ ነበር ልልሽ ነበር፤ መነጽሬ ግን ግንባሬ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እንዲሁ ነው፣ እርጅና በይው።

እንደምታውቂው እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ሒሳብ የያዝኩት መምህር ጠፍቶ ነው። ዳይሬክተራችን ጠርቶ «አንተ ሜዳ ላይ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያልክ ትቆጥር የለ? ያው ነው» አለኝ። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳውን ተዪውና ሜዳ ላይ ነይ፤ እዚያ እኔም አልፈራም።

አሥራ ሁለት ልጆች አሉሽ። አሰልፊያቸው። በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት፣ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በሦስት ረድፍ አራት አራት። ማንም አልተረፈም። አሁን በአምስት ረድፍ ሞክሪ። ሁለት ሁለት ይደርሳቸውና ሁለት ልጆች ጣታቸውን እየጠቡ ዳር ይቆማሉ። ስለዚህ አምስት የአሥራ ሁለት አካፋይ አይደለም። አካፋይ ማለት ልጅ ሜዳ ላይ የማያስቀር የረድፍ ቁጥር ነው፤ ሌላውን ትርጉም ሁሉ ለመጽሐፍ ተዪለት።

አሁን አንድ አርፋጅ እየሮጠ መጣ እንበል። አሥራ ሦስት ሆኑ። በሁለት ረድፍ አንድ ይተርፋል፣ በሦስት አንድ ይተርፋል፣ በአራትም አንድ፣ በአምስት ሦስት። በአንድ ረጅም መስመር ካልሆነ፣ ወይም እያንዳንዱ ለብቻው ረድፍ ካልሆነ በቀር አይሰለፉም። ከአንድና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው እንዲህ ያለው ነው ብቸኛ ቁጥር የሚባለው። አሥራ ሦስት ተማሪ ለሰልፍ ትርዒት የሰጠኝን ዳይሬክተር እስካሁን አልወደውም።

ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን አትደንግጪ። ሃያ ዘጠኝን ብትጠየቂ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት ሞክሪ። ሰባት ላይ ስትደርሺ አቁሚ፤ ሰባት ረድፍ ሰባት ሰባት አርባ ዘጠኝ ልጅ ይፈልጋል፣ አንቺ ያን ያህል ልጅ የለሽም። ከሰባት ወዲያ ያለው የረድፍ ቁጥር ሁሉ የሞከርሽው ሰልፍ ተገልብጦ ነው።

የቤት ሥራሽ፦ የ24ን፣ የ28ን፣ የ30ንና የ40ን አካፋዮች በሙሉ አውጪ። ከሥራሽ ደክመሽ ስትገቢ አይሁን፤ ሻይሽን ጠጥተሽ ሥሪ።

አጎትሽ ግዛቸው


ድራመን
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ጸጋው ይብዛልዎ። በአርባ ቀን ላመጡት መልስ በአራት ቀን መልስ እየሰጠሁ ነው፤ ማን ጎበዝ ተማሪ እንደሆነ ይፍረዱ።

ይኸው ሥራዬ። ለ24፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12፣ 24። ለ28፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 28። ለ30፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 10፣ 15፣ 30። ለ40፦ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 8፣ 10፣ 20፣ 40። ልጆቹን በአእምሮዬ ሜዳ ላይ አሰልፌ ነው የሠራሁት፤ እጄ አልቀዘቀዘም። ጋሼ፣ ከሒሳብ ጋር ተቀምጬ እጄ ሳይቀዘቅዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ብዜትን ደግሞ ራሴ አገኘሁት። እኛ መጦሪያ ቤት አልጋቸውን የማይለቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በየአራት ሰዓቱ ያገላብጧቸዋል። አጠገባቸው ላሉት ሴትዮ በየስድስት ሰዓቱ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ነርሷ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ የምትሠራው መቼ መቼ ነው? አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። ስድስት፣ አሥራ ሁለት። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ይገናኛሉ። የጋራ ብዜት ይኸው አይደል? ባልዲዬን ይዤ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሽማግሌውም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰጡኝ ቁጥሮች በሙሉ አካፋዮቻቸው ስምንት ወይም ስድስት ሆነው ጥንድ ጥንድ ይገጥማሉ። እዚህ ያለችው አስተማሪዬ ግን 16ን ሰጠችኝ። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። አምስት ሆኑብኝ። ስድስተኛውን ስፈልግ አውቶቡስ አመለጠኝ። ጥንድ ጥንድ መሆን የለባቸውም እንዴ? እንደዚያ ብሎ ያስተማረኝ ሰው ነበር።

ታቢታ


ሐዋሳ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታቢታ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። በዓሉ በደህና አለፈ። ቱላ ወርጄ የእናትሽን መቃብር አጥር አሳደስኩ። እንሰቱ ለምልሟል፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ስለ አንቺ ጠይቀውኛል። መንገዱ ተቆፍሮ ባጃጁ ሲያንጓልለኝ ዋለ፤ ጉልበቴም ሁለት ሳምንት አስተኛኝ።

የሒሳቡን ነገር፣ እዚያ ያለችው አስተማሪሽ ከእኔ ትሻላለች። የተማረች ናት። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ። እሷን ጠይቂያት።

እስቲ አንድ ፎቶሽን ላኪልኝ። ከስታሽ ወይስ ወፍረሻል?

አጎትሽ


ድራመን
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ግዛቸው፣

ሰላም ለእርስዎ። መቃብሩን ስላሳደሱልኝ ጌታ ይክፈልዎ።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። በየቀኑ ስልኬን እከፍታለሁ፣ የእርስዎ አውራ ጣት የለም። ታመዋል ብዬ ስንት አሰብኩ። ደርሶ ሳየው «እሷን ጠይቂያት» ይላል። አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቅኩት።

አስተማሪዬን ልጠይቃት ነበር፤ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ሌሎቹ አሥራ ስድስት ስንት አካፋይ እንዳለው አውቀው ወደ ሌላ አልፈዋል። እኔ ሳላገኘው የቀረ አንድ ቁጥር ያለ እየመሰለኝ እዚያው ቆሜአለሁ። ከፈተናው ስሜን ለማሰረዝ እስከ የካቲት 20 ጊዜ አለኝ። ወድቄ ከምባረር ራሴ ብወጣ ይሻላል። ወለሉም እኔን ለምዶኛል።

ለቁጥር አልተፈጠርኩም መሰለኝ። ይህ ከየት እንደጀመረ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን ምንም አልልም። ሽማግሌ ነዎት፣ ያሳደጉኝ ነዎት። ፎቶዬን ልኬአለሁ። ከስቻለሁ።

ታቢታ


ሐዋሳ፣ ታቦር
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታቢታ ልጄ፣

ጌታ ይጠብቅሽ። ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም። ስምሽን አታሰርዢ። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ምንም አታድርጊ።

ረስቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አንዲት ነገር አልረሳሁም።

ዘጠና አምስት ዓ.ም. ነው፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ተማሪ። አንቺ እኔ ቤት ሆነሽ ትማሪ ነበር። «አካፋዮች እንደ ካልሲ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ቆጥራችሁ ጎዶሎ ከሆነባችሁ አንዱን አልጋ ሥር ጥላችኋል፣ ፈልጉ» ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። መጽሐፉ እንደዚያ አላለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። በአሥራ ሁለት ሞከርኩት፣ ሠራ። በሃያ ሠራ፣ በሠላሳ ሠራ። እንግዲያው በሁሉም ይሠራል አልኩ።

ሠላሳ ስድስትን ጻፍኩና አንቺን ወደ ሰሌዳው ጠራሁ። የእህቴ ልጅ ስለሆንሽ ከሌላው አስበልጬ እጠራሽ ነበር፤ ያዳላል እንዳይሉኝ ደግሞ ከሌላው አስበልጬ እቆጣሽ ነበር። ጻፍሽ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36። ዘጠኝ። «አንዱን ጥለሻል» አልኩሽ። «ሁሉንም ሞክሬአለሁ ጋሼ» አልሽ። «ተንበርክከሽ ፈልጊው» አልኩሽ።

ደወል እስኪደወል ተንበረከክሽ። ከዚያ አንድ ቁጥር ጠራሽ፤ እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። «አያችሁ? የፈለገ ያገኛል» ብዬ ክፍሉን አስጨበጨብኩልሽ። በዓመቱ መጨረሻ ቱላ እናትሽ ዘንድ ሄድሽ፤ አልተመለስሽም። እናትሽ ራሷን ያማታል አለችኝ። እኔም ይሁን አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት መዝጊያ ሠላሳ ስድስት ልጆች ሰልፍ ሳለማምድ፣ በአራት ረድፍ ዘጠኝ ዘጠኝ አቆምኳቸውና ከጎናቸው ሄጄ ቆጠርኳቸው። ከጎን ሲታዩ ዘጠኝ ረድፍ፣ አራት አራት። ጥንድ ካልሲ። ቀጥሎ ስድስት በስድስት አቆምኳቸው። ከፊት ስድስት፣ ዞሬ ከጎን ስቆጥር ያው ስድስት። ስድስት ጥንዱ ራሱ ስድስት ነው፣ አንድ ጊዜ እንጂ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ዘጠኝ ነበሩ ታቢታ። አሥረኛ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ፊሽካው አፌ ውስጥ ቀረ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

ከታቦር ቱላ ስንት ነው? በሚኒባስ ተሳፍሬ ምሳ ሳይደርስ እመለስ ነበር። አልሄድኩም። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች አልኩ። ሲቆይ ደግሞ አሁን ምን ይጠቅማል አልኩ። አንቺም ቤይሩት ሄድሽ። እናታችን፣ አያትሽ፣ «ሀላሌ» የምትለውን፣ እውነትን፣ በቋንቋችን እየተናገረች ነው ያሳደገችን፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ደበቅኩሽ። ስለ አሥራ ስድስት ስትጠይቂኝ ያመለጥኩት ለዚህ ነው። ያንቺ አምስት ትክክል ነው። አራት በአራት ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አጎት ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለበደልኩሽ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን የጠራሽልኝ አሥረኛው ቁጥር ምን ነበር? ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እጄ ጻፈው እንጂ አላካፈልኩትም።

ግዛቸው


ድራመን
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

የጌታ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዐሥራ አራት ቀን ዝም ያልኩት ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሥራ በዛብኝ። እንደ ቅደም ተከተሉ ነው።

ሃያ አራት ነው ያልኩት።

በአሥራ ስምንትና በሠላሳ ስድስት መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ስላለ ሃያ አራት ደህና መሰለኝ። ጉልበቴን ጠጠር ወግቶኝ ነበር፤ የፊት ወንበር ላይ የነበረች አንዲት ልጅ ደግሞ «በይ አንድ ነገር በይ፣ ደወል ተደውሏል» እያለች ታንሾካሹክልኝ ነበር። ሃያ አራት እንደማይሆን አውቃለሁ። ሠላሳ ስድስት ልጅ በሃያ አራት ረድፍ እንዴት ይቆማል? ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እርስዎ አስጨበጨቡልኝ።

ጋሼ፣ ትምህርቴን ያስተወኝ መንበርከኩ አይደለም። በዚያን ጊዜ ያልተንበረከከ ማን አለ? ጭብጨባው ነው። እውነቱን ይዤ ተንበረከክሁ፣ ውሸት ስናገር ተጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ማመን አቃተኝ። ሰው የሚፈልገውን ቁጥር መስጠትንም ያኔ ነው የለመድኩት። ቤይሩት እመቤቴ «በልተሻል?» ስትለኝ «በልቻለሁ»። እዚህ አለቃዬ «አልደከመሽም?» ሲለኝ «አልደከመኝም»። እርስዎ «ደህና ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና ነኝ»። ሁሉም ሃያ አራት ነው።

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። ልጆቹን ስድስት በስድስት ያቆሙበት ላይ ስደርስ እርስዎን ፊሽካ ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመው አየሁዎት። ይቅር ብዬዎታለሁ። ድሮ ይቅር ብያለሁ ብልዎት ግን ያው ሃያ አራት ይሆናል፤ ይቅር ያልኩዎ ባለፈው እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ድልድዩ ላይ።

ስሜን አላሰረዝኩም። ነገ ቀኑ ያልፋል፤ ይለፍ። አስተማሪዬንም ዛሬ እጄን አንስቼ ጠየቅኳት፤ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎችም አልገባቸውም ነበር ለካ።

ታቢታ


ሐዋሳ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታቢታ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

አምላክ እንዳሳረፍሽኝ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ይህ ደብዳቤ የዘገየው በፍርሃት አይደለም፤ ሰው ስፈልግ ነው።

የበደልኩሽ በስልሳ አንድ ልጆች ፊት ነው። ይቅርታዬ በቴሌግራም ተሹለክልኮ አንቺ ጋ ብቻ ቢደርስ አይበቃም አልኩ። ከነዚያ ልጆች መካከል አሥራ አንዱን አገኘሁ። አሥራ አንድ! መቼም አይሰለፉልኝ። መሃል ከተማ ዩኑስ የሚባለው የክፍላችሁ ልጅ የቆርቆሮና የቀለም ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ እዚያ ሰበሰብኳቸው። ጡረታዬን ላከፋፍል የመሰላቸው ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

ዩኑስ አንድ ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠመኔ ሰጠኝ። ሠላሳ ስድስትን ጻፍኩ። ያንቺን ዘጠኝ ደረደርኩ። «በዘጠና አምስት ዓ.ም. ታቢታ ዘጠኝ ናቸው አለች፣ ትክክል ነበረች። እኔ አሥር ናቸው ብዬ አንበረከክኋት፣ ሃያ አራትንም ጻፍኩ። ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ምን ያህል እንደጮኽኩ አላውቅም፣ ብቻ ከመንገድ ማዶ ሰዎች ወጥተው ያዩን ነበር።

ዩኑስ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ፦ «ጋሼ፣ ሁላችንም ሃያ አራትን ደብተራችን ላይ ቀድተን ነበር። የሰማይ አምላክ ያውቃል፣ አንዳችንም አላካፈልነውም።» ፌቨን የምትባለው፣ አሁን ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «‹አንድ ነገር በይ› ያልኳት እኔ ነበርኩ» አለች። ልትጽፍልሽ አድራሻሽን ወስዳለች፤ ከፈለግሽ መልሺላት፣ ካልፈለግሽም ግድ የለም።

ከዚያ ለዘጠኙ አስጨበጨብኩ። ምስማር ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፤ አውራ ጣቴ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው ያለው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ቆምኩ፣ የሰው ሥራ አረምኩ፤ የኔን ያረመ ማንም የለም። ዐሥር ጥያቄ ራሴ አውጥቼ ራሴ ሠርቼአለሁ፤ ከዚህ ጋር ይኸውልሽ። በቀይ አርሚልኝ። አጎቴ ነው ብለሽ አታዳዪ። መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ፤ የኔ አይቸኩልም።

በጸሎት የማስብሽ፣
ግዛቸው


ድራመን
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ግዛቸው፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። አልፌአለሁ!

እልል ይበሉ፣ ጎረቤት ይደንግጥ። በጥሩ ውጤት አይደለም፤ ከማለፊያው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የበለጥኩት፣ በሩ ሲዘጋ በጎን እንደሚገባ ሰው ነው የገባሁት። ሠላሳ ስድስት አልመጣም፤ ስንት የተለቀሰበት ቁጥር ጭራሽ አልተጠየቀም። በየዘጠኝና በየአሥራ ሁለት ደቂቃው የሚነሡ ሁለት አውቶቡሶች መጡ፤ በሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ አብረው ይነሣሉ ብዬ ስጽፍ ግን «አንተ ነህ እንዴ?» አልኩት። በነሐሴ ለረዳት ነርስነት መማር እጀምራለሁ። እኚያ በየአራት ሰዓቱ የሚገላበጡት ሽማግሌ ሲሰሙ እጄን ያዙኝ፤ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምታገላብጪኝ አሉ።

ደህና ነሽ ወይ ላሉኝ፦ ወገቤን ያመኛል፣ ፌቨን ጽፋልኝ እስካሁን ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም፣ እርስዎም በጣም ናፍቀውኛል። ደስ ደግሞ ብሎኛል። ሁሉም አንድ ላይ ነው።

ወረቀትዎን አርሜአለሁ፤ ፎቶው ከዚህ ጋር ነው። እጅ ጽሑፍዎ አሁንም ያምራል። ለ64 ሰባት አካፋይ ማውጣትዎን ወድጄዋለሁ፤ ስምንትን ሁለቴ ሳይቆጥሩ አልፈዋል። የ18ና የ24 የጋራ ብዜት 72 ነው፣ ትክክል። 97 ብቸኛ ነው፣ ትክክል።

ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ግን 91 ብቸኛ ነው ብለው ጽፈዋል። በሁለት ሞክረዋል፣ በሦስት ሞክረዋል፣ በአምስት ሞክረዋል፤ ከዚያ ደከምዎ መሰለኝ። ሰባት ረድፍ ያቁሙ፣ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ልጅ ይደርሳቸዋል። ማንም አይተርፍም።

እውነት ልንገርዎት፣ አልፌው ነበር። መጀመሪያ ሳየው እኔም ብቸኛ መስሎኝ የትክክል ምልክት አደረግኩበት። ሌላውን ሁሉ ጨርሼ ዐሥር ከዐሥር ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለኝ። አጎቴ ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ለአንዲት ነጥብ ማን ያያል አልኩ። ከዚያ ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀምሬ እያንዳንዱን አካፈልኩ። ምልክቱን ሰረዝኩና በአጠገቡ ኤክስ አደረግኩ፤ ቀዩ ትንሽ የተዝረከረከው ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ከዐሥር፣ ጋሼ። ጎበዝ ነዎት። የሰባተኛውን እርማት ሠርተው ይላኩልኝ፤ አካፍዬ አያለሁ።

ልጅዎ ታቢታ